በሳቲን ላይ የቀረ እጅ

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ይህ የልክ መመዝገቢያ ደብተሬ ነው። ከመሃል በኋላ ያለው ወረቀት ባዶውን ከሚቀር ሌላ ነገር ልጽፍበት ነው። ስለ ሥራዬ ብቻ። የሰው ወሬ አልጽፍበትም።

ዛሬ ኦብዱሊያ መጣች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ከባለቤቴ ከኤራክሊዮ ጋር ዳንሶን የሚባለውን የጥንድ ዳንስ የምትደንሰው እሷ ናት። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ያጣመርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። «ቁመታችሁ ይመጣጠናል» አልኳቸው።

የዳንሶን ክለቡ ኦክቶበር ላይ ሰማንያ ዓመት ይሞላዋል። ሴቶቹ በሙሉ የመሥራቾቹ ፎቶ ላይ እንዳሉት እመቤቶች እንዲለብሱ ተወስኗል፦ ትከሻው ደልደል ያለ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ። ዘጠኙ የእኔ ድርሻ ነው። ኦብዱሊያ አረንጓዴ ክሬፕ ጨርቅ መረጠች። ደረት 94፣ ወገብ 76፣ ዳሌ 102። ለስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ጥሩ ወገብ ነው፣ ምን ይደረግ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምትደንስበትን ሮዝ የሳቲን ቀሚሷንም ለጽዳት ይዛ መጥታለች። እኔ የሰፋሁትን ሳቲን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም። ጀርባው ላይ የመዳፍ ምልክት ነበረበት፣ አምስቱም ጣት ቁልጭ ብሎ። ኤራክሊዮ መዳፉ ውስጥ የታጠፈ መሐረብ ሳይዝ የሴት ጀርባ ነክቶ አያውቅም ነበር። በቬራክሩስ ሙቀት መሐረብ የማይዝ ወንድ ቀሚስ ያበላሻል፤ ባለጌም ይባላል። ከአንገት ስፌቱ ወደ ታች 18 ሴንቲሜትር። ለወንድ እጅ የተፈቀደው ቦታ ነው። ለምን እንደለካሁት አላውቅም፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር።

በፓውደር አስለቀቅኩት።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

መሳቢያው ውስጥ ስድስት መሐረብ አለ። ስድስቱም እኔ ተኩሼ እንዳጠፍኳቸው ናቸው። ሲወጣ «መሐረብህን» አልኩት። «ይዣለሁ» አለ። አልያዘም።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ሚሪያም የምትባለው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ቀሚሷን ወሰደች። ሥራ ቦታ በየቀኑ የምትለብሰው የድሮ ቅድ ነው፣ ነጠብጣብ ያለበት ጥጥ፣ ክሎሽ፣ በወገቡ ቀበቶ ያለው። እንደ ልማዷ ስለ ኪስ ተጨቃጨቅን።

«የድሮ ሴቶች ምንም አይዙም ነበር እንዴ?»

«ቦርሳ ይይዙ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ ስልክ፣ ቁልፍና መነጽር ነው የምይዘው። ጥልቅ አድርጊልኝ።»

ጥልቅ አደረግኩላት። ልኬቱ ላይ ምንም የሚወራ የለም። ልትወጣ ስትል ግን «ዶን ኤራክሊዮ ተቆጥቶኛል እንዴ? ትናንት ሰላም ስለው ፊቱ አልተፈታም» አለች። ፈገግታውን ለሌላ ሰው ቆጥቦ ይሆናል አልኩ፣ በሆዴ። ለእሷ «ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ኦገስት 18፣ ሰኞ

ሮዝ ሳቲን። 21 ሴንቲሜትር።

ሳቲን እርጥበት ሲነካው ሊሳብ ይችላል። በሁለት ሳምንት ሦስት ሴንቲሜትር ግን አይሳብም።

ጎረቤቴ ኒዬቬስ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ስፒል በጠርዙ ላይ ስሰካ አፏ አላረፈም። «ባልሽና ኦብዱሊያ እኮ ዳኛ ቢኖር ሽልማቱን ይወስዱት ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ነው የሚመስሉት!»

«እኛ ሠላሳ ስምንት ነን» አልኩ።

«ማን ምን አለ? ስለ ዳንስ ነው ያወራሁት፣ ላላ።» ላላ የሚሉኝ ኤውላሊያን አሳጥረው ነው።

ስፒሉ ወጋት። ሆን ብዬ አይደለም።

ኦገስት 26፣ ማክሰኞ

ገበያ ላይ ቆሜ ኤራክሊዮ የጻፈውን ዝርዝር ማንበብ አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ጭነት መዝጋቢ የነበረ ሰው ነው፤ ፊደሉን ከመርከብ ላይ ቆመው ያነቡታል ይሉ ነበር። አሁን ጉንዳን የተራመደበት ይመስላል። እየሄደም ያንሳል፤ የመጨረሻው መስመር ጭረት ብቻ ነው።

«ምንድን ነው እንዲህ ከእኔ የምትደብቀው?» አልኩት ቤት ስገባ።

«ሽንኩርት ነው የደበቅኩት።»

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ሌላ ለማን እንዲህ እየጻፈ እጁ ለመደ ብዬ አሰብኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ደደብነት ይመስለኛል። አልሰርዘውም።

ቅናት አይደለም። ማወቅ ነው የምፈልገው። ሊሄድ ከሆነ ቀድሜ ማወቅ አለብኝ፤ በስድሳ አራት ዓመቴ አደባባይ መሃል ከኒዬቬስ አፍ መስማት አልፈልግም።

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

የጓያቤራ ሸሚዞቹን፣ የአገራችንን የክት ሸሚዝ፣ ይዞ መጣ፣ ሦስቱንም። ቁልፎቹን አንስቼ ጠቅ የሚል ቁልፍ እንዳደርግለት ጠየቀኝ።

«ለምን? ቶሎ ለማውለቅ እንዲመችህ ነው?»

አየኝ። ሸሚዞቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው ነው ብዬ ወሰድኩት። ሸሚዞቹ አሁንም ወንበሩ ላይ ናቸው፣ አልነካኋቸውም። የጓያቤራ ሸሚዝ ላይ ጠቅ የሚል ቁልፍ ነውር ነው፤ ይህ የሥራ አስተያየት ነው።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

26።

አራት ቀሚስ ተቆርጧል፣ ሁለት ተሰፍቷል። የኒዬቬስን ወገብ እንደገና ፈታሁት። ጉልበቴ አበጠ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

የነፃነት በዓል። ጎዳናው ሁሉ ጩኸት ነው። ጥቁር ባቄላውን እሳት ላይ ትቼ ደጅ ከኒዬቬስ ጋር ሰልፍ ስመለከት አረረ። ጭሱ እስከ ደጅ መጣ። እየሮጥኩ ገባሁ፤ ኤራክሊዮ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«አይሸትህም?»

«ምኑ?»

ሐሳቡ የት እንዳለ ይታወቃል። ድስቱን ስፈገፍግ አለቀስኩ። ጽፌዋለሁ፣ በቃ፤ አለቀስኩ።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

29። ወገቧ ከአንገት ስፌቱ 40 ላይ ነው።

ዛሬ አረንጓዴውን ክሬፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰችው። ትከሻው ልክ ገባ። ከኋላዋ ቆሜ መስታወቱ ውስጥ ስንተያይ ልትናገር ፈልጋ ተወችው። እኔም አልረዳኋትም። ልብሷን ቀይራ ልትሄድ ስትል ሮዝ ሳቲኑን አነሳችና፣

«ዶኛ ኤውላሊያ፣ የዚህን ብብት ሰፋ ሊያደርጉልኝ ይችላሉ? ለቅዳሜ» አለችኝ።

«ሁለቱንም?»

«ግራውን ብቻ።»

«ግራው ምን ሆነ?»

«እንዲሁ… ይይዘኛል። ክንዴን ከፍ ሳደርግ።»

የሴቲቱ ግራ ክንድ ከወንዱ ቀኝ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ነው። ከፍ ታደርገዋለች ማለት ታቅፈዋለች ማለት ነው። ይህን ለእኔ፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ መስታወት ፊት ትጠይቀኛለች። «እሺ» አልኳት። ድምፄ ደህና ነበር።

ሴፕቴምበር 24፣ ረቡዕ

ግራውን ብብት አጠበብኩት። በአንድ ጣት ስፋት።

ስፌቱ ጥሩ ነው። ማንም አያውቅም። እንደ ቀድሞው ክንዷን ዝቅ አድርጋ ብትደንስ ምንም አይሆንም።

ሴፕቴምበር 28፣ እሁድ

ትናንት ኤራክሊዮ ዳንሱ ሳያልቅ መጣ። ራት አልበላም። አልጠየቅኩትም።

ኒዬቬስ ግን ሳትጠየቅ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች፣ ኮፍያዋን እንኳ ሳታወልቅ። ሁለተኛው ዳንሶን መሃል ላይ የኦብዱሊያ ቀሚስ ብብቱ ሥር ተርትሮ ተቀደደ አለች፣ ድምፁ ተሰማ። «ወዲያው ደግሞ የባልሽ እጅ ከጀርባዋ ላይ ሸርተት ብላ እስከዚህ!» ብላ ዳሌዋን መታች። «ሕዝብ ፊት! እሷ ደግሞ እጁን ይዛ ተጠጋችበት እንጂ አልሸሸችም። እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምለው። ላላ፣ የነገርኩሽ ስለምወድሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀሚስሽን ልጨርስ ነው፣ ኒዬቬስ። ሂጂ አሁን።»

ከሄደች በኋላ ልብስ ማሳያዋ ላይ ያለውን አረንጓዴ ክሬፕ አየሁት። መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ጨርቁ ምን አጠፋ።

ሴፕቴምበር 29

አልመጣችም። ሰኞ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ኦብዱሊያ መጣች። ሮዝ ሳቲኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የተተረተረው ከብብቱ ሥር ነው፣ ወደ ጎን፣ ክሩ ብቻ ሳይሆን ጨርቁም። እንዲህ የሚቀደደው ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ አይደለም። ክንድ ከታች ሸክም ሲሸከም ነው። ይህን በደንብ አየሁት፤ ግን ያየው ዓይኔ እንጂ ልቤ አልነበረም።

«ሰፋ እንዲያደርጉልኝ ነበር የጠየቅኩዎት» አለች።

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«እርስዎ አይሳሳቱም።»

ያን ጊዜ ሁሉም ወጣ። እጁ የት የት እንደነበር እንደማውቅ ነገርኳት። አሥራ ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ። በሜትር ለክቼዋለሁ አልኳት፣ በየሰኞው፣ ራስሽ እያመጣሽልኝ። እስከዛሬ «እርስዎ» ነበርን፤ አሁን «አንቺ» አልኳት። ይህን ደብተር ከፍቼ አሳየኋት።

ቁጥሮቹን አነበበች። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ ወይም ትክዳለች። ቁጭ አለች።

«ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር» አለች። «እኔ እንዲህ የባሰበት አልመሰለኝም ነበር።»

«ምኑ ነው የባሰበት?»

«እጁን ማንሳት አይችልም እኮ፣ እህቴ።»

ተነስታ ክንዴን ያዘችና እንደ ወንድ ጀርባዋ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ግራ ክንዷን ከክንዴ በታች አሾልካ ክርኔን ከታች ደገፈችው። ከሩቅ ላየው ሰው ያቀፈችኝ ነው የሚመስለው። የክንዴን ክብደት ሁሉ ነው የያዘችው። «ከሜይ ጀምሮ እንዲህ ነው የምንደንሰው» አለች። «መሐረቡ ከእጁ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ሰዎች ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ አልያዘም። እግሩም መጀመር ላይ ይዘገያል። እኔ በሆዴ እቆጥርለታለሁ። ቅዳሜ ግን ብብቱ ሲቀደድ ክንዴን አወረድኩ… እጁ ወደቀ።»

እኔ ነኝ ያወረድኩት። አንድ ጣት አጥብቤ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«አስምሎኛል። ጉልበትሽ ሲታመም አንድ ቀን ሳትሞክሪ ወንበርሽን ግድግዳ ሥር ስበሽ ተቀመጥሽ አለኝ። ላላ ካወቀች አጠገቧ ሌላ ወንበር ታስቀምጥልኛለች አለ።»

ይህን ስሰማ ልቆጣ ፈለግኩ። እውነት ስለሆነ አልቻልኩም። ወንበሩን በሐሳቤ ማስቀመጥ ጀምሬ ነበር።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ሳላስመስል አየሁት። ቁርስ ላይ ሸሚዙን ለመቆለፍ፣ አራት ቁልፍ ብቻ፣ ከዳቦው መቆረስ እስከ ሻዩ መቀዝቀዝ ፈጀበት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ሆና ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች፣ አውራ ጣቱ ጠቋሚውን ያሻሻል፣ የጨርቅ ዓይነት እንደሚለይ ሰው። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ፊቱም አልተቆጣም፤ አይፈታም እንጂ፤ ፊደሉ ያነሰውም፣ ምናልባት ጭሱ ያልሸተተውም ከዚሁ ነው።

«ቶሎ ለማውለቅ እንዲመችህ ነው?» ብዬዋለሁ። ለዚህ ሰው።

የልብስ ነገር ከእኔ አያመልጥም እል ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለበስኩት ሰው አመለጠኝ።

ሦስቱን ጓያቤራዎች ሠራኋቸው። ላይ ላዩን ቁልፍ ነው፤ ከሥር ጠቅ ይላል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰቀልኩለት።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

አንዱን ለብሶ ወጣ። በር ላይ ትንሽ ቆመ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ከባሕሩ የመጀመሪያው የሰሜን ነፋስ ገባ። መስኮቱን ዘግቼ ነው የምሠራው።

የአረንጓዴውን ክሬፕ ግራ ብብት ፈታሁት። የድሮ ሰፊዎች አንድ ዘዴ ነበራቸው፦ ብብት ሥር በሰያፍ የተቆረጠች የአልማዝ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ይጨምራሉ፤ ክንድ እንደልብ ይነሳል፣ ቀሚሱ ከወገቡ አይሳብም። አስቸጋሪ ናት፤ አራቱም ማዕዘን አንድ ስፌት ከሳተ ይቀደዳል። ሁለት ጊዜ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠች። ከሥሯ በጥጥ ጨርቅ አጠነከርኳት።

ኦብዱሊያ ለብሳ ክንዷን አነሳች፣ አወረደች፣ ደግማ አነሳች።

«አሁን አንድ ጆንያ ሩዝ እሸከማለሁ» አለች።

«እሱ ሰባ ሁለት ኪሎ ነው።»

«ለእኔ ክንዱን ብቻ ነው የምትሰጪኝ። ሌላውን አንቺው ያዢው።»

አብረን ሳቅን። የራሴ ድምፅ ገረመኝ። ከዚያ በክለቡ በዓል ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ዳንሶን ላይ እግሬን ወለም አለኝ ብላ እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። «ደህና እግር ነው ያለኝ» አለች፣ «አንቺ ግን ጫማ አድርገሽ ነይ።» ደንሼ ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው አልኳት። ቀሚስም የለኝም አልኳት። ዙሪያዬን አየች፤ ግድግዳው ሁሉ ቀሚስ ነው።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ዘጠኙም ቀሚሳቸውን ተረከቡ። ከተረፈው ሰማያዊ ክሬፕ ለራሴ አንድ ሰፋሁ። ልኬን ስወስድ ማንም ስላልነበረ ራሴ ለካሁ፤ ወገብ 88። ለደብተሩ ሲባል እውነቱን ጽፌያለሁ።

ፈራሁ። ጉልበቴን አይደለም።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ትናንት አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ቀሚሶቼን ከሩቅ ቆጠርኳቸው። ኒዬቬስ ሰማያዊዋን ክሬፕ ስታይ «ማን ሞቶ ነው አንቺ የወጣሽው?» አለችኝ። «እስካሁን ማንም» አልኳት።

ሁለቱን ዳንሶን ቆሜ አየሁ። እንደተነገረኝ ነው። ክንዷ ከክንዱ ሥር ነው፤ እጁ ጀርባዋ ላይ፣ ከፍ ብላ፣ በቦታዋ። ስፌቷ ያዘች። የማያውቅ ሰው ምንም አያይም፤ እኔ ሁሉንም አየሁ፣ በጣም ቆንጆ ነበሩ።

ሦስተኛው ሲጀመር ኦብዱሊያ «ወይ እግሬ!» ብላ በአደባባዩ ሰው ሁሉ ፊት አነከሰች፤ ያላነከሰችበትን እግር ይዛ። ኤራክሊዮ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ቀኝ እጁን ከጀርባው ደበቀ። ሄድኩ።

«ጉልበትሽስ?» አለኝ።

«ያመኛል። ና።»

ክንዴን ከክንዱ ሥር አሾልኬ ክርኑን ከታች ያዝኩት፣ እንዳሳየችኝ። ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ አልተለወጠም፤ መለወጥ አይችልም። ትንፋሹ ነው የተለወጠው።

«ኦብዱሊያ ነገረችሽ።»

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከሳቲን ላይ እጅህን ሳጥብ ነው የከረምኩት።»

ትንሽ ሄድን። በሆዴ ቆጠርኩለት፣ እኔም ቁጥሩን እየረሳሁ። ጥርጣሬዬን ነገርኩት፤ ካሁን በኋላ ከያዝኩት ይበሰብሳል ብዬ ነው። ቆም አለ።

«እኔና ኦብዱሊያ?»

«አዎ።»

«በዚህ እጅ?»

ሳቀ። ድምፁ ብቻ ነው የሳቀው፣ ደረቱ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ከዚያ መሳቁ ይሁን ሌላ መለየት አቃተኝ። «ለኒዬቬስ እውነት አይደለም እንዳትያት» አለ ጆሮዬ ላይ። «ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ዳግመኛ አላገኝም።»

ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን አልኩት። ወንበር አላስቀምጥልህም አልኩት።

ሙዚቃው ወደ ተደጋጋሚው ዜማ ደረሰና እንደ ዳንሶን ደንብ ጥንዶቹ ሁሉ ለማረፍ ቆሙ። ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ዘረጉ፣ ወንዶቹ ወደ ኦርኬስትራው ዞሩ። እኛም ቆምን። እጁ ወገቤ ላይ ወርዳ ትንቀጠቀጣለች፤ እጄን ጫንኩባት።

«አሁንስ ምን ልንሆን ነው፣ ላላ?» አለ።

«አሁን ማረፊያው ነው» አልኩት። «ዝም ብለህ ከእኔ ጋር ቁም።»

ቆመ። ሙዚቃው ሲመለስ ሁሉም ሄዱ፤ የእሱ እግር ትንሽ ዘገየ፣ እኔም ጠበቅኩት።